ቡና አልጋ ላይ የዋለው መጽሐፍ

ስካነር ማለት ክዳን ያለው መስታወት ነው። ይህችን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰረዝኳት፤ ከእሷ የተሻለች ስላጣሁ መልሼ አስገባኋት። ወረቀቱን መስታወቱ ላይ በፊቱ ትደፊዋለሽ፣ ክዳኑን ትገጥሚያለሽ፣ ከሥር መብራት ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ከዚያ ወረቀቱ ኮምፒውተሩ ላይ ቁጭ ይላል። ይኸው ነው። አጋሮ ውስጥ ይህን ሥራ የቻለች የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ እኔ ነኝ ብዬ አምን ነበር። እውነት ይሁን አይሁን አላጣራሁም፤ ማጣራትም አልፈለግኩም።

ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። የምማረው በጠዋት ፈረቃ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ አክስቴ ፎቶ ኮፒ ቤት እውላለሁ። አክስቴ ቤቱን የከፈተችው ከሁለት ሴቶች ጋር በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅታ ነበር። አንዷ አግብታ ሊሙ ገባች፣ አንዷ ዓረብ አገር ሄደች፤ ለአክስቴ አንድ የኮፒ ማሽን፣ አንድ ኮምፒውተርና እኔ ቀረንላት። ሦስታችንም ደስ ሲለን ነበር የምንሠራው።

ስካነሩ የመጣው ከጅማ ነው። ይዞት የመጣው ባለሙያ ሚኒባስ ሊያመልጠው ስለነበር ገመዱን ሰካክቶ፣ የራሱን መዳፍ መስታወቱ ላይ አሳርፎ፣ መዳፉ ኮምፒውተሩ ላይ ሲወጣ አሳየንና በቃ ይኸው ነው፣ ተለማመዱ ብሎን ሄደ። የሰውየው መዳፍ እስከ ዛሬ ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ። ማጥፋቱ ሰው ማባረር መሰለኝ።

የመጀመሪያው ደንበኛዬ ዲፕሎማውን ሊያስነሳ የመጣ የግብርና ሠራተኛ ነበር። ዲፕሎማውን ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ አስቀመጥኩና ክዳኑን ገጠምኩ። ባዶ ነጭ ወጣ። ደገምኩት፤ ባዶ ነጭ። አክስቴ ማሽኑ ተበላሽቷል ብላ ጅማ ልትደውል ስልኳን ስታነሳ ሰውየው ረጋ ብሎ፣ "እህቴ፣ ፊቱን ማየት ያለበት ማሽኑ ነው፤ እኔማ አውቀዋለሁ" አለኝ። ሼም ይዞኝ ጓሮ ገብቼ ልደበቅ ምንም አልቀረኝም። ከዚያ በኋላ ግን ተማርኩ። አንዲት ፀጉር መስታወቱ ላይ ብትቀር ስክሪኑ ላይ ገመድ እንደምታክል፣ ወረቀት ሲንጋደድ ክዳኑን ሳይሆን ወረቀቱን ማስተካከል እንደሚሻል፣ መጽሐፍ ደግሞ ከሁሉም እንደሚያስቸግር፣ ምክንያቱም መሐሉ ላይ የተሰፋበት ቦታ መስታወቱን ስለማይነካ ጥላ ይዞ እንደሚወጣ፤ ይህን ሁሉ ማንም ሳያስተምረኝ እጄ አወቀው።

ከአክስቴ ቤት ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ቲቸር ይኖራሉ። ስማቸው አይደለም፤ ግን አጋሮ ውስጥ ቲቸር ካልሽ እሳቸው ናቸው። ሽበት ያወጡ የቡና ነጋዴዎች ሳይቀሩ ቲቸር ነው የሚሏቸው፤ አስተምረዋቸዋላ። በወጣትነታቸው ለአንድ ዓመት ተመድበው ከሸዋ መጡ፤ ያ አንድ ዓመት ግን እስካሁን አላለቀም። ባለቤታቸው ሞተዋል፣ ልጅ የላቸውም፣ የሚኖሩት ብቻቸውን ነው።

በሃያ ስምንት ዓመታቸው አንድ መጽሐፍ ጽፈዋል። በአጋሮ ዙሪያ ያሉ ወንዞች፣ ጋራዎችና መሻገሪያዎች ስማቸውን ከየት እንዳገኙ በየገጠሩ እየዞሩ ሽማግሌዎችን በኦሮምኛ ጠይቀው በአማርኛ ጻፉት። አዲስ አበባ ወስደው በራሳቸው አሳተሙት። የታተመው ጥቂት ነበር፤ ሰዉ ተዋሰ፣ አልመለሰም፣ አለቀ። የቀረው አንድ ነው፤ እሱም ቤታቸው ውስጥ መሬት ላይ በተቀመጠ ካርቶን ውስጥ ነበር።

እኔ ሳውቃቸው ዓይናቸው መድከም ጀምሯል። የዓይን ግፊት ነው። ጅማ ያለው ሐኪም የሄደው አይመለስም፣ ጠብታው የቀረውን ለመጠበቅ ነው ብሏቸዋል። ይህን የነገሩን እየሳቁ ነው። ጠዋት ጠዋት በራቸው ላይ ይቆሙና የአክስቴን ታፔላ ጮክ ብለው ያነባሉ፤ መለኪያቸው እሱ ነው። ታፔላው ቀይ ላይ በነጭ "ፎቶ ኮፒ፣ ጽሕፈት፣ ላሚኔሽን" ይላል። ዛሬ እስከ ላሚኔሽን ደርሻለሁ ይላሉ፣ ወይም ደግሞ ዛሬ ጽሕፈት ላይ ቆሜያለሁ ይላሉ። አክስቴ ስትጠርግ ቀና ብላ፣ "ቲቸር፣ ነገ ደግሞ ይጨርሱታል" ትላቸዋለች። እኔ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ይህን ካልሰማሁ ቀኑ የጀመረ አይመስለኝም ነበር።

አንድ ቀን ለጡረታ ጉዳይ የቀበሌ መታወቂያቸውን ስካን እንዳደርግላቸው መጡ። አደረግኩና ጉራዬን ልነዛ ብዬ መታወቂያውን ስክሪኑ ላይ አተለቅኩት። ቁጥሩ እያንዳንዱ ጣት ጣት አከለ። ቲቸር ከወንበሩ ጀርባ ቆመው ነበር። ቁጥሩን አነበቡት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሳይሳሳቱ፣ ከአንድ እርምጃ ርቀት። ለብዙ ወር ከታፔላችን ሌላ ምንም ነገር አንብበው አያውቁም። ቀጥሎ መጽሐፍም እዚህ ይገባል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ይገባል አልኩ። እንዲህ ይተልቃል?

"የፈለጉትን ያህል ቲቸር" አልኳቸው።

ይህንን ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም።

በማግሥቱ መጽሐፉን በፌስታል ይዘው መጡ። ከዚያ በፊት ላንብብልዎት ብያቸው አውቃለሁ፤ አይፈልጉም። ያን ቀን ለምን እንደማይፈልጉ ነገሩኝ። ሰው ሲያነብላቸው የሌላ ሰው መጽሐፍ ይሆንባቸዋል። መጽሐፉን ከታተመ ወዲህ ከዳር እስከ ዳር አንብበውት አያውቁም፤ መጀመሪያ አፍረውበት፣ ኋላ ሥራ በዝቶባቸው፣ ኋላ ደግሞ ዓይናቸው።

"የጻፈው ልጅ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር" አሉኝ። "ጥሩ ጽፎ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። በራሴ ዓይን፣ አንድ ጊዜ፣ ከዳር እስከ ዳር። ከዚያ ይሂድ።"

ይሂድ ያሉት ዓይናቸውን ነው። እሺ አልኩ። ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ነገር አደራ ሲሰጣት ምን ያህል ደስ እንደሚላት መግለጽ አልችልም፤ ማለቴ እችላለሁ፣ አሁን መጻፍ እችላለሁና፤ ግን ያን ደስታ ሳስታውሰው ያመኛል።

ወሩ መስከረም ነበር። ክረምቱ ወጣ ቢባልም አጋሮ ላይ ዝናብ የቀን መቁጠሪያ አያውቅም። በሁለት ከሰዓት አርባ ገጽ አነሳሁ። ፍጥነቴ ለራሴም ገረመኝ፤ ለካስ መፍጠኔ ከአለማወቄ ነው። ስካነሩ ከመጀመሩ በፊት አንድ ቁጥር ይጠይቃል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ማሽኑ ይፈጥናል፣ ሲበዛ ይንቀራፈፋል። እኔ ትንሹን ነበር የምመርጠው። አርባው ገጽ ሲያልቅ ቲቸርን ጠርቼ አንዱን ገጽ አተለቅኩላቸው። ፊደሎቹ ተሰባብረው ደረጃ ደረጃ ሆኑ፤ ክቡ ሁሉ ማዕዘን አወጣ። ቲቸር አንገታቸውን ዘመም አድርገው፣ "ይሄ ፊደል ነው ወይስ የሌማት ጥለት?" አሉኝ።

የቁጥሩን ነገር ያን ጊዜ ገባኝ። ትልቁን ቁጥር ስሰጠው ፊደሉ ቢተልቅም አይሰበርም፤ ግን አንዱ ገጽ ከደቂቃ በላይ ይፈጃል፣ መብራት መሐል ላይ ከሄደ ደግሞ እንደገና ነው። መብራት በዚያ ሰሞን በፈረቃ ነበር፤ አንድ ከሰዓት ይመጣል፣ አንድ ከሰዓት ይጠፋል። አርባውንም ገጽ ሰርዤ ከአንድ ጀመርኩ።

ደግሞ የኮፒ ቤቱም ሥራ አለ። የትምህርት ቤት ፈተና ይባዛል፣ የዕድር ደብዳቤ ይጻፋል፣ የአንድ ለአምስት ሪፖርት ይተየባል። ቲቸር ተራቸውን ጠብቀው የሚኖሩ ሰው ስለሆኑ ቶሎ በይ ብለውኝ አያውቁም። በራቸው ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ጥቅምት ሲጋመስ ከታፔላው ላሚኔሽን የሚለው ቀረባቸው።

ስድሳ ምናምነኛው ገጽ ላይ ስደርስ ወረቀቱ እንቢ አለኝ። ካርቶኑ ስንት ክረምት መሬት ላይ ስለከረመ እርጥበት ከሥር ገብቶ የኋለኛውን ግማሽ አጣብቆታል። በጥፍሬ ልለየው ስሞክር የአንዱ ገጽ ቆዳ ተላጦ ከሌላው ጋር ሄደ። ደነገጥኩ። ለአክስቴ አሳየኋት፤ ረጥቧል፣ ይድረቅ አለች፣ ወደ ማሽኗ ተመለሰች።

እንግዲህ አጋሮ ውስጥ የረጠበ ነገር የት እንደሚደርቅ ሁሉም ሰው ያውቃል። ከቤታችን ጀርባ የጎረቤታችን የቡና ነጋዴ ማድረቂያ አለ። ቡና አልጋ እንለዋለን፤ እግር ያለው፣ ወገብ ድረስ የሚደርስ፣ ሽቦ ወንፊት የተወጠረበት ረጅም ቆጥ ነው፤ ቀዩ እሸት ቡና እዚያ ላይ ተሰጥቶ ቀኑን ሙሉ ይገላበጣል። ዳር ዳሩ ላይ ደግሞ የሰፈሩ ሰው የራሱን ያደርቃል፤ በርበሬ፣ ዩኒፎርም፣ የሕፃን ፍራሽ። ለእኔ ፀሐይና ቡና አልጋ ካሉ የማይደርቅ ነገር አልነበረም። ቲቸርን አልጠየቅኳቸውም። ለምን እንዳልጠየቅኳቸው ብዙ አስቤበታለሁ። ላስደንቃቸው ፈልጌ ነው፤ ሌላ የለውም።

ኅዳር ላይ ነበር፣ ሰማዩ ጠርቶ። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት መጽሐፉን ይዤ ጓሮ ሄድኩ። ቡናውን የምትገላብጠው ሴትዮ ሁላችንም አዴ የምንላት፣ ፀሐይ ያከሰላት፣ ቀልደኛ ናት። ኩን ማሊ፣ ይሄ ምንድነው አለችኝ። የቲቸር ኪታብ ነው አልኳት። ይህን ስትሰማ እጇን በውሃ አጥባ፣ በነጠላዋ አድርቃ፣ ቢስሚላሂ ብላ ተቀበለችኝ። ወንድ ልጇን ቲቸር ናቸው ያስተማሩት። እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ጠብቂልኝ አልኳትና ሄድኩ።

አዴ አደራ በላች ማለት አልችልም። አደራውን ከሚገባው በላይ ጠበቀች። ቡና በአንድ ጎኑ አይተውም፤ ከተተወ ይሻግታል። ስለዚህ መጽሐፉን ከፍታ፣ ገጹን አፈራርቃ፣ ቡናውን በገላበጠች ቁጥር እሱንም ገለበጠችው። በሆዱ፣ በጀርባው፣ በሆዱ። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ መጽሐፉ በሦስት እጥፍ አብጦ እንደ ጥቅል ጎመን ተንጨባርሯል። ነካሁት፤ ይንኮሻኮሻል። ተጣብቆ የነበረው ገጽ ሁሉ ተላቋል። ከደስታዬ ብዛት አዴን ጉንጯን ሳምኳት።

"ማሎ፣ እስቲ እዪው፣ ደርቆልሻል" አለችኝ፤ "አሁን ጆንያ ውስጥ ቢገባ ገበያ ይደርሳል።"

ሁለታችንም ሳቅን። አሁን ሳስበው ያ ሳቅ ያሳፍረኛል።

ያኑ ከሰዓት መብራት ነበር። አንዱን ገጽ መስታወቱ ላይ ደፋሁት። ወረቀቱ እንደ ጣራ ቆርቆሮ ሞገድ ሠርቷል፤ መስታወቱን የነካው ቦታ ጠርቶ ይወጣል፣ ያልነካው ጭጋግ ይሆናል። አንድ መስመር ይነበባል፣ ቀጣዩ ይጠፋል። ክዳኑን በሁለት እጄ ተጫንኩት። ቋ አለ። መስታወቱ የተሰበረ መስሎኝ ነፍሴ ወጣች። መስታወቱ አይደለም፤ የመጽሐፉ ጀርባ ነው። ሙጫው በፀሐይ ደርቆ እንደ ሸክላ ሆኖ ነበር። ገጾቹ አንድ በአንድ ተለዩ። ወረቀቱ ራሱ ተሰባሪ ሆኗል፤ ስነካው ጠርዙ ይረግፋል፣ ከጠርዙ ጋር የየመስመሩ መጀመሪያ ይሄዳል። መስታወቱ ላይ ፍርፋሪ ቀረ። ፍርፋሪውን በመሐረብ ጠራርጌ ወረቀት ላይ ሰበሰብኩት፤ ማንኛው ፍርፋሪ ከየትኛው ገጽ እንደሆነ ግን ሰው አያውቀውም።

ሁለት ቀን ለማንም አልተናገርኩም። እያነሳሁ፣ እየደበቅኩ፣ በራሴ እየተናደድኩ ሠራሁ። በሦስተኛው ቀን ቲቸር መንገዱን ተሻግረው መጡና መጽሐፉን አንዴ ልያዘው አሉ። ከመሳቢያ አውጥቼ ሰጠኋቸው። መጽሐፍ አልነበረም፤ ክምር ወረቀት ነበር። በሁለት እጃቸው ያዙት፣ ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

"ቡና ቡና ይሸታል" አሉ።

ነገርኳቸው። ከጠዋት እስከ ስንት ሰዓት እንደዋለ ጠየቁኝ፤ እስከ ስድስት ተኩል አልኩ። ተገላብጧል ወይ አሉኝ። አዎ፣ አዴ ገላብጣዋለች አልኩ። ኮፒ ማሽኑ ላይ የነበረችው አክስቴ ሥራዋን አቁማ ትሰማናለች። ሲቆጡ አይቻቸው ስለማላውቅ ቁጣቸው ምን እንደሚመስል ለማየት ፈራሁ፤ አልተቆጡም። ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ።

"ጥላ" አሉ። "መጽሐፍ የሚደርቀው በጥላ ነው፣ ሳይቸኮል፣ በመሐሉ ወረቀት እየገባለት። ይህን ያህል ዓመት ስለ ፀሐይ ሳስተምር ስለ ጥላ አንድም ቀን አላስተማርኩም።"

ከዚያ ክምሩን መለሱልኝና ቀጥይ አሉኝ። አለቀስኩ። እሳቸው እንባዬን አላዩም፤ የሰሙኝ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ሲወጡ ደፉ ላይ ቆም ብለው፣ አዴን እንዳትወቅሻት፣ እሷ ቡናን እንጂ ወረቀትን አልተማረችም አሉኝ። እኔስ ምን ተምሬ ነው?

ቀጠልኩ። ሞገዱን ለማስተኛት እያንዳንዱን ገጽ በሁለት ወፍራም የሒሳብ መጽሐፍ መሐል አንድ አንድ ሌሊት አሳድር ነበር። ሲተኛ አነሳዋለሁ። በዚህ አካሄድ በቀን ከአምስት ገጽ አያልፍም። የገና በዓል መጣ፣ የሰሚስተር ፈተና መጣ፣ የኮፒ ወረፋው በር ላይ ደረሰ። ግን በመሐሉ አንድ ነገር ሆነ፣ እሱን ካልጻፍኩ ይህ ጽሑፍ ሐሰት ይሆናል። መጽሐፉን እያነበብኩት ነበር። ስክሪኑ ላይ ጠርቶ መውጣቱን ለማየት እያንዳንዱን መስመር ማየት አለብኝ፤ ካየሁ ደግሞ አነባለሁ። አንድ የወንዝ መሻገሪያ አለ፤ የሙሽራዋ በቅሎ አልሻገርም ብላ ሠርገኛው ሁሉ ከወንዙ ወዲህ ማዶ ያደረበት፤ ሽማግሌው ይህን ሲነግሩ የበቅሎዋን አቋቋም ተነሥተው እንዳሳዩ ጭምር ተጽፏል። አንብቤ ብቻዬን ሳቅኩ፤ ቀጥሎ ያለው ገጽ ላይ ደግሞ ብቻዬን ዝም አልኩ። መጻፍ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ደብተር ገዛሁ። ቲቸር በራቸው ላይ ሆነው ዓይናቸውን ሲጠብቁ፣ የእሳቸውን መጽሐፍ የማነበው እኔ ነበርኩ፤ ደስታው የእኔ ሆነ። ስለ ደስታዬ ለማን ልንገር? ጥሩ ነው ብዬ ብነግራቸው የሌላ ሰው መጽሐፍ ይሆንባቸዋል፤ እንዳይሆን የፈለጉት ደግሞ እሱን ነው።

ጠዋት ጠዋት ታፔላውን ማንበባቸውን አልተዉም። እንዲያውም ከገና ወዲህ ድምፃቸው ሞቅ ብሎ ነበር። ዛሬ ጨርሼዋለሁ ይላሉ፤ ፎቶ ኮፒ፣ ጽሕፈት፣ ላሚኔሽን። ጠብታው ሠራ ብለን ተደሰትን። አክስቴ ለሐኪሙ ስለት ተሳለችለት ብል ማጋነን አይሆንም።

ጥር ላይ አክስቴ ታፔላውን አስቀየረች። ሥራ ስለበዛ፣ ስካነርም ስላለን፣ አዲሱ ሰማያዊ ላይ በቢጫ "ስካን፣ ኮፒ፣ የኮምፒውተር ጽሕፈት" ይላል፤ ከሥሩ በኦሮምኛ። ቅዳሜ ከሰዓት ተሰቀለ። እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቲቸር በራቸው ላይ ቆመዋል። እንደምን አደራችሁ አሉን። ቀና ብለው ወደ ታፔላው ዞሩ።

"ፎቶ ኮፒ፣ ጽሕፈት፣ ላሚኔሽን" አሉ። "ዛሬም አልቀረብኝም።"

አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ክንዴን ጨበጠችኝ፤ ዝም በይ ማለቷ ነው። እኔም ልናገር አልነበረም። ጎበዝ ቲቸር አለቻቸው፣ ድምፅዋን እንደምንም አስተካክላ። ከገና ጀምሮ በቃላቸው ነበር የሚሉልን። ለማን ብለው እንደሆነ እስካሁን አላውቅም፤ ለእኛ ይሁን ለራሳቸው።

ከዚያ በኋላ እንደ እብድ ሠራሁ። የቀረኝ ሠላሳ ገጽ ነበር። ገጾቹን ማሳደሩን ትቼ፣ በእጄ እየተጫንኩ፣ የተሰበረው ይሰበር ብዬ ሠራሁ። አክስቴ አንድ ቃል ሳትናገር የኮፒ ደንበኞችን ራሷ ትይዝልኛለች። የመጨረሻዎቹ ገጾች ያምራሉ ማለት አልችልም፤ አንዳንዱ መስመር ጎደሎ ነው፣ አንዱ ገጽ ግማሹ የለም። የካቲት ሲገባ ጨረስኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሄጄ ጠራኋቸው። ኮታቸውን ለብሰው፣ ፂማቸውን ተላጭተው መጡ። በር ላይ ጫማቸውን ጠረጉ። ወንበሩን ስክሪኑ ድረስ አስጠጋሁላቸው፤ ኮምፒውተሩ እንደ ልማዱ እያጓራ ነው፤ አክስቴ ለአንድ ተማሪ ኮፒ አንሥታ ሸኝታ ከማሽኗ ኋላ ቆመች። የመጀመሪያው ገጽ ነው ቲቸር አልኳቸው። አንድ ገጽ ሙሉ አሳየሁ። ጠበቅኩ። አምስት ቃል እስኪቀር አተለቅኩት። አንድ ቃል እስኪቀር። እሳቸው አንገታቸውን እንደ ዶሮ ወደ ጎን እያዘነበሉ፣ በአንዱ ዓይን፣ ቀጥሎ በሌላው፣ ቀጥሎ አፍንጫቸው የስክሪኑን መስታወት እስኪነካ ተጠግተው አዩ። እስትንፋሳቸው ስክሪኑ ላይ እርጥብ ክብ ሠራ።

"ትንሽ ጨምሪልኝ" አሉ።

ጨመርኩ። አንድ ፊደል ብቻ ስክሪኑን ሞላ። ከእኔ ጭንቅላት ይበልጣል። ነጩ ብርሃን ፊታቸው ላይ ነበር፤ ዓይናቸው በሱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይፈልጋል። እንደገና ጨምሪ አሉኝ፣ ጨመርኩ። የፊደሉ እግር ብቻ ቀረ፣ አንድ ወፍራም ጥቁር ግንድ። እንደገና። እጄ ላይ የነበረውን ማውስ አንድ ጊዜ አንቀሳቀስኩት፤ ጥቁሩ ቀለም ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። ፊታቸው ላይ የነበረው ብርሃን ጠፋ።

ወደኋላ ቀና አሉ።

"መብራት ሄደ እንዴ?" አሉኝ።

አንዲት ቁልፍ ብነካ ነጩ ይመለስ ነበር። ተመልሶ ምን ያሳያቸዋል? ኮምፒውተሩ ያጓራል፤ ቲቸር ደግሞ ደንቆሮ አይደሉም።

"አዎ ቲቸር" አልኩ። "ሄደ።"

ያን ጊዜ አንዲት ሴት ልጅ ወረቀት ይዛ በሩ ላይ ቆማ ኮፒ አለ ወይ ብላ ጠየቀች። አክስቴ እጇን በኮፒ ማሽኑ ቁልፍ ላይ አድርጋ፣ ማሽኑን አጥፍታ፣ መብራት የለም የኔ እመቤት፣ ሌላ ቦታ ሞክሪ አለቻት። ልጅቷ የሚያበራውን አምፖል አይታ፣ እኛን አይታ፣ ሄደች።

ቲቸር ጥቂት ተቀመጡ። የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። ሲመጣ ጥሪኝ አሉኝና ተነሡ፤ አክስቴ ክንዳቸውን ይዛ መንገዱን አሻገረቻቸው። እኔ ገጹን መልሼ አሳነስኩት። ቃሉ ተመለሰ፣ መስመሩ ተመለሰ፣ ያ የሃያ ስምንት ዓመት ልጅ የጻፈው ገጽ በሙሉ ተመለሰ። ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው።

ከዚያ ወዲህ መብራት ስንት ጊዜ መጣ፣ ስንት ጊዜ ሄደ። አልጠራኋቸውም። እሳቸውም መጣ ወይ ብለው አልጠየቁኝም።